ልብስ ሰፊው የመረመራቸው ቪዲዮዎች

አባባ ሜትር ሱቃቸውን ከፍተው ገና ለስፌት መኪናቸው ዘይት እያንጠባጠቡ ሳሉ፣ አንዲት ወጣት ሴት ቦርሳዋን እንደ ታመመ ልጅ በሁለት እጇ ታቅፋ በሩ ላይ ቆመች። የቦርሳው ማንገቻ ተበጥሷል። በአንድ ጎኑ የባለቀለም እርሳሶች ጫፍ ብቅ ብቅ ብሏል፤ በሌላው ጎን የተጠቀለለ ወረቀት ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል።

«እንደምን አደሩ አባባ? ይሄ ማንገቻ መሀል መንገድ ላይ ጉድ ሠራኝ። የትምህርት ቤቱ ደወል ሳይደወል ይደርስልኝ ይሆን?»

«ደህና፣ ተመስገን። ግቢ ልጄ፣ ቁጭ በይ። ይሄ ከስፌት አይቆጠርም፤ እያስነጠስኩ የምሠራው ነው።»

ሰፈርተኛው «አባባ ሜትር» የሚላቸው ከአንገታቸው ወርዶ በማያውቀው መለኪያ የተነሣ ነው። ሲተኙም አያወልቁትም ብለው የሚምሉ ጎረቤቶች አሉ። ወጣቷ ደግሞ ሁለት መንገድ አልፎ ያለው የሕፃናት ትምህርት ቤት መምህርት ናት። በርጩማው ላይ ተቀምጣ የክሮቹን ቀለም ስትቃኝ፣ ግድግዳው ላይ በምስማር የተሰቀለች ትንሽ የካኪ ከረጢት ድንገት መንቀጥቀጥና መጮኽ ጀመረች። አባባ ሜትር ቀና አላሉም። ጩኸቱ ቆመ፤ እንደገና ጀመረ።

«አባባ፣ ግድግዳዎ እየጠራዎት ነው።»

«ይጥራ። ስልክ ነው።»

«አያነሡትም?»

«በየት በኩል?»

መምህርቷ ተነሥታ ከረጢቷን በጣቷ ዳበሰቻት። አፍ የላትም። ዙሪያዋን በድርብ ስፌት ድፍን ብላለች።

«ሰፍተውታል እንዴ?»

«አዎና! እኔ የሰፋሁትን ደግሞ ማንም አይፈታውም» አሉ፤ ትንሽ ኩራትም ቢጤ ቃጣቸው።

መምህርቷ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ግን ሳቋን ዋጥ አደረገችው፤ ከጓዳው መጋረጃ ሥር ሁለት ዓይኖች ያዩዋት ነበር። ልጅቷ ቢበዛ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ፀጉሯ በአንድ በኩል ተጎንጉኗል፤ በሌላው በኩል የጎነጎነው ሰው ተስፋ ቆርጦ ትቶታል። ደፉን አልፋ አልገባችም። ዓይኗ ከመምህርቷ ወደ ሱቁ ጥግ ሄደ፤ እዚያ ዙሪያውን በአንሶላ የተሸፈነ ነገር ቆሟል። አየችውና መጋረጃውን ስባ ጠፋች።

«የልጅ ልጄ ናት። ቁልፌ ነው የምላት» አሉ አባባ ሜትር፣ መርፌያቸውን ወደ ብርሃን ይዘው ክር እያስገቡ። «ከሸሚዝ ላይ ያለችው የመጨረሻ ቁልፍ ብትወልቅ ሸሚዙ አይዘጋም እኮ። እኔ ቤት የቀረችው ቁልፍ እሷ ናት።»

እናቷ፣ የአባባ ሜትር ታናሽ ልጅ፣ ከሞተች ስምንት ወር ሆኗታል። አባትየው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው ሄዶ ድምፁ የጠፋው። ሰው ሲሞትበት ሐዘኑ ብቻውን አይመጣም፤ ሟቹ ይሠራው የነበረ ሥራ ሁሉ ተከትሎት ይመጣል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሰው ትከሻና ወገብ ሲለኩ የኖሩት ሰውዬ የሕፃን ፀጉር መጎንጎን፣ ጥርስ ማስቦረሽ፣ «ለምን?» ለሚል ጥያቄ አሥር ጊዜ መልስ መስጠት አያውቁም ነበር።

«ታዲያ ስልኩ ምን በደለዎትና ሰፉት?» አለች መምህርቷ።

«እሱ ነው የበደለኝ! እናቷ ታሳያት ነበር። እኔም ስታለቅስብኝ አውጥቼ ሰጠኋት፤ ዝም አለች። ዝም ስትል እኔም ሥራዬን ሠራሁ። መጀመሪያ ዳክዬዎች ነበሩ፤ አንድ፣ ሁለት እያሉ የሚቆጥሩ። ከዳክዬው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ እኔ በምን አውቄ! ራሱ እያከታተለ ያመጣዋል። አንድ ቀን ጮኸች። ብድግ ብዬ ሳይ ራሷ የተቆረጠ አሻንጉሊት ልጆች ታባርራለች። ሥዕሉ የልጅ ሥዕል ነው፣ ቀለሙም ያምራል፤ ውስጡ ግን ሰይጣን! ከዚያ ወዲህ ብቻዋን አትተኛም። ያ ልብስ የማለብሰው የሰው ምስል ራስ ስለሌለው ሱቁን ጠላችው። ምስሉን ሸፈንኩት፤ ስልኩን ሰፋሁት፤ ተገላገልን።»

ከረጢቷ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸች።

«ተገላገሉ እንኳ አይባልም» አለች መምህርቷ ለስለስ ብላ። «ይሄን ያህል የሚደውለው ማን ይሆን?»

የሽማግሌው እጅ ማንገቻው ላይ ቆመ።

«ትልቋ ልጄ ናት። ሌላ ከተማ ነርስ ናት። ‹አባዬ፣ ልጅቷን በስልክና በስፌት መኪና መሀል ጥለህ አታሳድጋትም፤ በወሩ መጨረሻ ዕረፍት ስወጣ መጥቼ እወስዳታለሁ› አለችኝ። ክፋት የላትም፤ እውነቷንም ነው መሰለኝ። ባነሣው ያንኑ ልሰማ ነው።» ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «ቁልፌ ከሄደች እኔ ማንን ብዬ ነው ጠዋት ይሄን በር የምከፍተው?»

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ በልልኝ። የወሩ መጨረሻ ሊደርስ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው።

መምህርቷ ቦርሳዋን ተቀብላ ልትወጣ ስትል፣ ከበሩ ሥር ውኃ በሞላው ሳፋ ውስጥ የተዘፈዘፈ አዲስ ሰማያዊ ጨርቅ አየች።

«ይሄ ምነው? ሳይለበስ ቆሸሸ?»

«አይ የዛሬ ልጆች! አዲስ ጨርቅ ሳይነከር ይቆረጣል? እንዲሁ ብሰፋው ባለቤቱ አንዴ ያጥበውና ሱሪውን ለልጁ ያወርሰዋል። ነክሬ አያለሁ፤ ይኮማተራል? ቀለሙ ይለቃል? ከዚያ ወደ ብርሃን ይዤ አያለሁ፤ ጎትቼ አያለሁ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድ ሱሪ ተመልሶብኝ አያውቅም።»

«ለሰው ሱሪ እንዲህ የሚጠነቀቁ ሰው፣ ለልጅቷ ዓይን የሰጡትን ነገር ነክረው አይተውት ነበር?»

አባባ ሜትር ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ሱሪና ልጅ አንድ ናቸው እንዴ አንቺ?»

«አይደሉም አባባ። ሱሪ ቢጠብ ከጎኑ ይለቀቃል።»

«ሂጂ ደወልሽ ተደወለ!» አሏት ተቆጥተው። ሄደች። እሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ ስፌቱ እየጠመመባቸው ሲፈቱ፣ ሲሰፉ፣ ሲፈቱ ዋሉ። ቁጣቸው እሷ ላይ አልነበረም። ነገሩ ልክ ስለሆነባቸው ነው።

በማግሥቱ መምህርቷ ሳትጠራ መጣች።

«ደግሞ ምን ተበጠሰ?» አሏት።

«ምንም። አንድ የማሳይዎት ነገር አለኝ።»

«ለልጅቷ ከሆነ ገና ከበሩ ተመለሺ።»

«ለልጅቷ አይደለም፤ ለእርስዎ ነው። አራት ደቂቃ ብቻ።»

ስልኳን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ በክር ጥቅል አስደግፋ አቆመችላቸው። ጥጥ ከማሳ ተለቅሞ፣ ተፈልፍሎ፣ ተፈትሎ፣ ክር ሆኖ፣ በትልቅ ፋብሪካ ጨርቅ እስኪሆን ድረስ የሚያሳይ ለልጆች የተሠራ ቪዲዮ ነው። አንዲት የተሣለች ትንሽ የጥጥ ፍሬ እየተንከባለለች ታስጎበኛለች። አባባ ሜትር መጀመሪያ በአንድ ዓይናቸው አዩ። ቀጥሎ መነጽራቸውን አደረጉ። ቀጥሎ ወንበራቸውን ጎተቱ።

«እንዴ! ይሄ ማበጠሪያ መኪና እንዲህ ነው እንዴ የሚዞረው? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ክር ስጨርስ ከየት እንደሚመጣ... አሁን የቱ ጋ ገባች ይቺ ጉደኛ?»

ያኔ ነው የቃጠሎው ሽታ የመጣው። ካውያውን ከደንበኛ ሸሚዝ ላይ አንሥተው የመተኮሻው ጨርቅ ላይ አስቀምጠውት ረስተውት ኖሯል። ሁለቱም እኩል ዘለሉ። ጨርቁ መሀሉ ላይ የካውያ ቅርጽ ያለው ቡናማ መስኮት አወጣ። ሸሚዙ ግን ተርፏል። ሽማግሌው የተቃጠለውን ጨርቅ አንሥተው በቀዳዳው መምህርቷን አዩዋትና ፈነዱ፤ ከት ከት ብለው ሳቁ። ከስምንት ወር ወዲህ በዚያ ሱቅ እንዲያ አልተሳቀም። መጋረጃው ተከፈተና የቁልፌ ራስ ብቅ አለ።

«አባባ፣ ምን አይተህ ነው?»

አያትና መምህርት ተያዩ።

«እንግዲህ ይታይዎት» አለች መምህርቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ስልኩ ሁለቱንም ይዟል፤ ያንን ራሰ ቆራጣውንም ይሄንንም። የሚመርጥ ሰው ሲጠፋ ነው ማሽኑ የሚመርጠው። ማሽኑ ደግሞ ልጅቷ ዓይኗን ከእሱ እንዳታነሣ ነው የሚፈልገው እንጂ ስለ እንቅልፏ ምን ገዶት?»

«እኔ ደግሞ ያለ ስልክ አድጌ ምን ጎደለብኝ?»

«ያለ ኤሌክትሪክ ካውያም አድገዋል። በከሰሉ ይመለሱ?»

«አፍሽ እንደ መቀስ ነው» አሉ አባባ ሜትር፤ ግን እጃቸው ግድግዳው ላይ ወዳለችው ከረጢት ሄዷል። አወረዷት። ምላጫቸውን አነሡ። ያንን የኮሩበትን ድርብ ስፌት አንድ በአንድ መፍታት ጀመሩ። «አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ከእኔ በፊት አንዲትም ነገር አታይም። እኔ እነክራለሁ፣ እኔ ወደ ብርሃን እይዛለሁ።»

«እኔም ከዚህ ሌላ አልጠየቅኩም።»

ስልኩ ተሞልቶ ከተከፈተ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ጮኸ። አነሡት።

«አባዬ! በሕይወት አለህ? ስንት ቀኔ ነው ስደውል! ምን ሆነህ ነው?»

«ተሰፍቶ ነበር።»

«ምኑ?»

«ስልኩ።»

በዚያኛው ወገን ወንበር ሲሳብ ተሰማ።

«የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ እመጣለሁ አባዬ። ልብሷን አዘጋጅልኝ» አለች ነርሷ ረጋ ባለ ድምፅ። ከቁጣዋ ይልቅ መርጋቷ አስደነገጣቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አባባ ሜትር ሌላ ሰው ሆኑ ማለት ይቻላል። ጠዋት ሱቅ ሳይከፍቱ በፊት መነጽራቸውን አድርገው ይቀመጡና አንድ ቪዲዮ ከአፍ እስከ ገደፉ ያያሉ። መምህርቷ ስልኩ ላይ የልጆች ብቻ የሆነውን ክፍል ከፍታ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ራሱ እንዳይቀጥል አድርጋ ዘግታላቸዋለች። እሳቸው ግን በዚያም አላመኑም። ዘፈኑ ይጮኻል? ሥዕሉ ዓይን እስኪያምታታ ይሮጣል? የሆነ ነገር ግዙ ይላል? መጨረሻው ምን ይላል? የወደዱትን በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ምልክት ያደርጉለታል፤ ያልወደዱትን «ቀለሙ ይለቃል» ብለው ያልፉታል። ጎረቤታቸው ጫማ ሰፊው ሲያልፍ ቆም ብሎ «አባባ፣ ዛሬ ደግሞ ጥንቸሏ ምን ሆነች?» ይላቸዋል።

«ካሮቷን ቆጠረች! አንተስ ጫማህን ቆጠርክ?»

በአራተኛው ቀን ትንሽ ጉድ ገጠመ። መምህርቷ ቅርጽ ከቅርጽ የሚያገጣጥም አንድ ጌም ጭናላቸው ነበር፤ ሦስት ማዕዘኑን ከሦስት ማዕዘን፣ ክቡን ከክብ። ሰውዬው ከሰዓት በኋላ ሱሪ መዘምዘሙን ትተው ተጫወቱት። ወደዱትም። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሲደርሱ ግን ድንገት መላውን መስታወት ሞልቶ አንድ ጥርሳም ፍጡር ሽጉጥ ይዞ ወጣባቸው። ማስታወቂያ ነው። አባባ ሜትር ስልኩን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ ሜትራቸው በአንገታቸው እየተውለበለበ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ድረስ ሄዱ።

«መምህርት! ነይማ! ይሄን ነክረሽው ነበር?»

መምህርቷ አየችና ፊቷ ቀላ።

«አልነከርኩትም አባባ። አንድ ደቂቃ ብቻ አይቼ ጥሩ መሰለኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አየሽ! እኔ ሦስተኛው ደረጃ ድረስ ሄጄ ነው ያገኘሁት። ጨርቅ እኮ ዳር ዳሩን ሁሌም ደህና ነው፤ መሀሉን ነው መዘርጋት።»

ሰውዬው እንዲያ ብለው ሲመለሱ መንገዱ ጠቧቸው ነበር። መማር ደስ ይላል፤ አስተማሪን ማረም ግን ከዚያም ይበልጥ ደስ ይላል፤ ይህን የማያውቅ ተማሪ የለም። መምህርቷም አልተቀየመች። ማስታወቂያ የሌላቸውን፣ ኢንተርኔት ዘግተውም የሚሠሩትን ጌሞች ፈላልጋ አመጣች፤ ዳታው ከተዘጋ ሽጉጥ የያዘ ፍጡር በየት ይገባል? አባባ ሜትር አንድ በአንድ እስከ መጨረሻቸው ተጫወቷቸው። የቢራቢሮዋን ጌም እንዲያውም ሁለት ጊዜ።

ለልጅቷ የማሳየቱ ቀን ሲደርስ ግን ስልኩን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት። መምህርቷ ያን ዕለት አንድ ነገር ጠየቀቻቸው።

«እናቷ እንዴት ነበር የምታሳያት?»

ሽማግሌው መርፌያቸውን የክር ጥቅሉ ላይ ሰኩ።

«ጭኗ ላይ አስቀምጣ» አሉ በመጨረሻ። «አስሬ ታቆመዋለች። ‹ዳክዬዋ ወዴት ሄደች? ስንት ቀሩ?› ትላታለች። ሁለቱ እየተንጫጩ እኔ መኪናዬ ላይ ሆኜ ‹ምን ሥራ ፈቶች ናችሁ› እላቸው ነበር።» መነጽራቸውን አወለቁ፤ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። «ስልኩን ወረስኩ፤ ጭኑን ረሳሁት። አይደለም እንዴ ነገሩ?»

መምህርቷ ከበርጩማው ተነሣች። የስፌት መኪናውን በሽፋኑ ከደነችላቸውና ወጣች።

አባባ ሜትር ከጓዳው ደፍ ላይ፣ ልጅቷ ከማታልፈው መስመር ላይ፣ ቁልፌን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። የመረጡት የጨርቅ አሻንጉሊት እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ ነው። አንዲት ሴት ጨርቅ ትቆርጣለች፣ አካሉን ትሰፋለች፣ ጥጥ ትሞላለች። ገና ራሱ ያልተሰፋው አሻንጉሊት ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ሲታይ ልጅቷ ደነገጠች። አያትየው አቆሙት።

«ቁልፌ፣ የዚህ ልጅ ራሱ የታለ?»

ልጅቷ አንገታቸው ሥር ተወሸቀች። ቆይታ በአንድ ዓይኗ አየች።

«የለውም።»

«ለምን የለውም?»

«...ገና ስላልተሰፋለት?»

«እሰይ! እንቀጥልና እንይ።»

ራሱ ተሰፋ። በዓይን ፈንታ ሁለት ቁልፎች ገቡለት። አሻንጉሊቱ ሲያልቅ ከአንድ ሕፃን እጅ ገብቶ ተሳመ። ቪዲዮው አለቀ፤ ሌላ አልቀጠለም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ልጅቷ ጣቷን ወደ ሱቁ ጥግ፣ አንሶላ ወደለበሰው ነገር ቀሰረች።

«የዚያስ?»

«የእሱማ ሃምሳ ዓመት ሆነው፤ ማንም አልሰፋለትም።»

«እኛ እንስፋለት አባባ!»

ደፉን ተሻግራ ሱቅ ገባች። እግሯ ከአፏ ቀድሟታል፤ መግባቷን ራሷም አላወቀችም። ከቅዳጅ ጨርቆች ክምር መርጠው ክብ ራስ ቆረጡ፤ እሷ ቅዳጅ አጨቀችበት፤ እሳቸው ሰፉት። ለዓይን የሚሆኑትን ቁልፎች ስትመርጥ ሣጥኑን ሙሉ ዘርግፋ እስከ አሥራ ሁለት ቆጠረች፤ ከአሥራ ሁለት በኋላ «ሌሎች ብዙ» አለች። አንሶላው ወረደ። ምስሉ አንድ ዓይኑ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ ሆኖ ቆመ። ትንሽ የሚያፌዝ ይመስላል። ጫማ ሰፊው በዚያው አልፎ «አዲስ ሠራተኛ ቀጠሩ እንዴ?» ሲል ቁልፌ ሳቀች። ያን ቀን ከሰዓቱን ሁሉ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ማንም አላስታወሰው።

በዚያው ሰሞን ልጅቷ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት፣ መምህርቷ ዘንድ መሄድ ጀመረች። አልጋዋም ላይ ብቻዋን ተኛች። አባባ ሜትር ግን ቅዳሜ በቀረበ ቁጥር የቀረውን ቀን በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። ልብሷን አጥበው፣ ተኩሰው፣ አጣጥፈው አስቀምጠዋል። ነርሷ የነገረቻቸው ይህን ነውና።

በዚያው ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባ ነበር። መምህርቷ «ስለ ቪዲዮና ጌም የሚናገርልኝ ሰው እርስዎ ነዎት» ስትላቸው «እኔ? ፊደል በጎረቤት ልጅ የቆጠርኩ ሰው!» ብለው ነበር። ግን ሄዱ። ሠላሳ ያህል ወላጅ በሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበቱ አገጩን እየነካ ተቀምጧል። አባባ ሜትር ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሙ፤ ቁልፌ ከእግራቸው ሥር።

«ወንድሞቼ፣ እህቶቼ» አሉ። «እኔ ስልክን የሰፋሁ ሰው ነኝ። አትሳቁ! ወይ ሙሉ ቀን እሰጣት ነበር፣ ወይ ጭራሽ ሰፋሁት። ሁለቱም ስንፍና ነበር። መሀል ላይ ያለው ነው ሥራው። አሁን መጀመሪያ እኔ አያለሁ፣ እስከ መጨረሻው። ሲያልቅ ሌላ እንዳይከተል ዘግቼዋለሁ። ጌሙን ዳታ ዘግቼ ነው የምሰጣት። ካየችው በኋላ ደግሞ ማግሥቱን ልጅቷን አያለሁ፤ ተነጫነጨች? ፈራች? ከሆነ ያን ቪዲዮ አልደግመውም። ያየችውን ልትሠራው ሞከረች? እንግዲያው ጨርቁ ደህና ነው።»

አንድ ሹፌር ከመሀል እጁን አወጣ።

«አባባ፣ ይሄ ለእርስዎ ይሆናል። እኛ ጊዜ የለንም! ስልኩን የምንሰጣቸው እኮ ጊዜ ስለሌለን ነው።»

ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። መምህርቷ እንኳ ዓይኗን ወደ አባባ ሜትር አዞረች።

«እኔስ ጊዜ ያለኝ መሰለህ ልጄ? ሦስት ሱሪ ነው ትቼ የመጣሁት። ቀድሞ ስልኩን ሳስጥላት ሰዓት ሙሉ ታለቅሳለች፤ ማታ ፈርታ ትነሣለች፤ እኔም አብሬ። እሱ ጊዜ አይደለም? አሁን ሃያ ደቂቃ አብሬያት እቀመጣለሁ። ከዚያ ያየችውን ልትሠራ ትሄዳለች፤ እኔም መኪናዬን እረግጣለሁ። ትቆጥራለች፤ ቅርጽ ትለያለች፤ ስሟን በጠመኔ ትጽፋለች፤ አንዷን ፊደል ትገለብጣታለች እንጂ! አባጨጓሬ እንዴት ቢራቢሮ እንደሚሆን እኔን አስተማረችኝ። ደግሞ እናንተ ስንት ናችሁ? ሠላሳ። አንዳችሁ አንድ ብትመረምሩና ብትነጋገሩ ሠላሳ ቪዲዮ ነው። ብቻዬን የምነክረውን ጨርቅ ሠላሳ ሰው ቢነክርልኝ ምን ይገኛል!»

ሹፌሩ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ይሄስ ነገር ነው» አለ።

ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ አንዲት ሴት ቆማ ጠየቀች። «ልጅቷ አሁን ብቻዋን ትተኛለች?»

«ትተኛለች» አሉ አባባ ሜትር።

«ያለ ስልክ ትበላለች?»

«እሱን ተዪው፣ እየበላች ነው ወሬ የምታወራኝ...» አሉና ድንገት ወደ በሩ ቀና አሉ። ድምፁን አውቀውታል። የተዘጋ ሱቅ ጋ ደርሳ፣ ጫማ ሰፊው ልኳት መጥታ ኖሯል። ነርሷ ልጃቸው ባዶ ሻንጣ ይዛ በሩን ተደግፋ ቆማለች።

«አክስቴ!» ብላ ቁልፌ ወንበሮቹን እየዘለለች ሮጠች። ነርሷ ተንበርክካ ተቀበለቻት፤ አገላበጠቻት፤ ዓይኗን፣ ጉንጯን፣ እጇን እንደ ሐኪም አየቻት። ከዚያ ስልኳን ከኪሷ አወጣች።

«እንኪ የኔ ቆንጆ፣ መንገድ ላይ የምታይው አስቂኝ ድመት ጭኜልሻለሁ።»

ልጅቷ ስልኩን አልተቀበለችም። ዞር ብላ ወደ ሰሌዳው አየች።

«አባባ አይቶታል?»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ሹፌሩ ጉልበቱን መታ። ነርሷ ግን አልሳቀችም፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ስልኩን ወደ ኪሷ መልሳ ተነሣችና በወንበሮቹ መሀል ወደ አባቷ መጣች። አባባ ሜትር ሁለት እጃቸው ሜትሩን ጨብጦ ቀረ።

«ልብሷ ታጥቧል» አሉ በቀጭን ድምፅ። «ታጥፏልም።»

«አባዬ፣ ልወስዳት ነበር የመጣሁት።»

«አውቃለሁ።»

«የኔ ሁለቱ ልጆች አሁን ምን እያደረጉ ይመስልሃል? ለጎረቤት አደራ ብዬ ስልክ ሰጥቻቸው ነው የመጣሁት። ምን እንደሚያዩ አላውቅም። እኔ ነርሷ፣ የሰው ልጅ ሳክም የምውል ሰው፣ አላውቅም።» ፊቷን በመዳፏ ጠረገች። «ቁልፌ ከአንተ ጋር ትሆናለች። ትምህርት ሲዘጋ ግን ልጆቼን ላምጣልህ?»

መምህርቷ ማጨብጨብ ጀመረች፤ ሠላሳው ወላጅ ተከተላት። ሹፌሩ ከጭብጨባው በላይ «እኔም ወረፋ ይያዝልኝ!» እያለ ይጮኻል። አባባ ሜትር ልጅቷን አንሥተው ትከሻቸው ላይ አደረጉ፤ ትልቋን ልጃቸውን ደግሞ በሌላው እጃቸው ሳብ አድርገው አቀፏት።

«አምጪያቸው» አሉ። «ግን አንቺም መጥተሽ አብረሽ ትቀመጫለሽ።»